ዳቦው ያስለቀሰሽ ገጽ

«እንደምን ከረማችሁ? የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው፤ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። መምህራችን የኔልሰን ማንዴላን ግለ ታሪክ (‹Long Walk to Freedom›) በእንግሊዝኛ አንብበን በአማርኛ 1,200 ቃል ያህል ምላሽ እንድንጽፍ አዘውናል። የመጀመሪያ ረቂቄን ‹ይህ የመጽሐፉ ጭምቅ ነው፤ ያንቺ ምላሽ የታለ?› ብለው መለሱልኝ። ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። ስለ ዘር ምን ልበል? እዚህ ሁላችንም ጥቁር ነን፤ ነጭ የማየው ቱሪስት ሐይቁ ዳር ሲመጣ ነው። የአገራችንን ጉዳይ ላነሣ ስል ጓደኞቼ ‹አትነካኪው› አሉኝ። ደግሞ አንድ የሚያሳፍረኝ ነገር አለ። ብዙ ሰው የተገደለበትን ምዕራፍ እንባ ሳይወጣኝ አልፌ፣ እስር ቤት ውስጥ ዳቦ ተከለከሉ የሚለው ላይ አለቀስኩ። ጤነኛ ነኝ? ሰ.፣ ከባሕር ዳር»

እህታችን ሰ.፣

ከመጨረሻው እንጀምር፤ ያሳፈረሽ ነገር ምላሽሽ ራሱ ነውና። መምህርሽ «የታለ?» ብለው የጠየቁት ዳቦው ላይ ነው ያለው። እንደምንገምተው ግን ረቂቅሽ ውስጥ ስለ ዳቦው አንድ መስመር እንኳ የለም። ትንሽ ነገር መስሎሽ ትተሽዋል፤ በምትኩ ልደቱን፣ ትምህርቱን፣ ትግሉን፣ እስሩንና ከእስር መፈታቱን በተራ ደርድረሻል። ይህ የአንቺ ብቻ ስህተት አይደለም። መጽሐፉ 11 ክፍልና 115 ምዕራፍ ያለው፣ ከ600 ገጽ የሚበልጥ፣ በጊዜ ቅደም ተከተል የሚሄድ ሥራ ነው። አንባቢ መሰላሉን ይዞ ከወጣ እጁ ላይ የሚቀረው መሰላሉ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የተገደለበት ምዕራፍ፣ የደቡብ አፍሪካዋ ሻርፕቪል፣ ያላስለቀሰሽ ልብሽ ስለደነደነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1960 ፖሊስ 69 ሰው ገደለ ሲባል ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ግን አንድም ሰው ፊቱን አላየሽም። ዳቦው ላይ ደግሞ እጅ አለ፣ ሳህን አለ፣ አጠገብሽ ተቀምጦ የተለየ ነገር የሚበላ ጓደኛ አለ። ማንዴላ በታሰሩበት በሮበን ደሴት ለራት ሕንዶችና ከለርድ (ቅይጥ ዘር) የሚባሉት እስረኞች ሩብ ዳቦ ከማርጋሪን ጋር ይሰጣቸዋል፤ ለአፍሪካውያን ዳቦ የለም። ምክንያቱ ደግሞ ዳቦ የአውሮፓውያን ምግብ ስለሆነ አፍሪካውያን አይወዱትም የሚል ግምት ነው። እዚህ ላይ ቆም በዪ። ያስለቀሰሽ ረሃቡ ነው? ወይስ አንድ ሰው የሌላውን ምላስ ሳይጠይቅ «አንተ ይህን አትወድም» ብሎ መወሰኑ? ቡሄ ላይ ሙልሙል ለጨፋሪ ልጅ ሁሉ በሚሰጥበት አገር ያደገ ሰው ይህን ገጽ እንዴት ያነብበዋል? መልሱን እኛ አንሰጥሽም፤ 250 ቃል ያህል ግን እዚያ ውስጥ አለልሽ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር፣ «ሁላችንም ጥቁር ነን» ወዳልሽው እንሂድ። እንቅፋቱ ቃሉ ነው። በአማርኛ «ዘር» ስንል የእህል ዘር ነው፣ የአባት ትውልድ ነው፣ ዛሬ ደግሞ በአብዛኛው ብሔር ማለት ሆኗል፤ «ዘረኝነት» ሲባልም ጆሯችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ብሔር ጥላቻ ነው። መጽሐፉ የሚናገርለት ሌላ ነው፤ በደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ የተባለው፣ በሕግ የቆመ የዘር ክፍፍል። እ.ኤ.አ. በ1948 ሥልጣን የያዘው ናሽናል ፓርቲ በ1950 ባወጣው የሕዝብ ምዝገባ ሕግ እያንዳንዱን ሰው በዘር ክፍል መዘገበ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የመኖሪያ ክልል ሕግ የት እንደሚኖር ወሰነ፤ በ1953 የወጣው የባንቱ ትምህርት ሕግ ልጁ ምን እንደሚማር ወሰነ። እዚያ ዘር የቆዳ ቀለም ብቻ አይደለም፤ የመዝገብ ጽሕፈት ነው። ማስረጃው ዳቦው ነው። አሕመድ ካትራዳ ከማንዴላ ጋር በአንድ ችሎት ቆመው፣ አንድ ዓይነት የዕድሜ ልክ ፍርድ ተቀብለው፣ አንድ ደሴት ላይ ታስረው ሳለ ሕንዳዊ በመሆናቸው ዳቦ ይሰጣቸዋል። ሁለቱም ነጭ አይደሉም፣ ሁለቱም የአንድ መንግሥት ጠላቶች ናቸው፤ ግን ለየቅል ይበላሉ። ስለዚህ «እኔ ጥቁር ነኝ ወይስ አይደለሁም?» ብለሽ አትጀምሪ። «በዚህ ገጽ ላይ ዘር ምን ይሠራል? በየትኛው ዕቃ ይሠራል?» ብለሽ ጀምሪ። ደግሞም በጽሑፍሽ መጀመሪያ አካባቢ «ዘር» ስትዪ በምን ትርጉም እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ወስኚ። ይህን ያልወሰነ ጽሑፍ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስለ ደቡብ አፍሪካ ሲያወራ ቆይቶ አራተኛው ላይ ሳያውቀው ስለ ራሳችን ፖለቲካ ያወራል፤ አንባቢም መንገዱ ይጠፋበታል።

ዕቃ ካልን ዘንድ ከዳቦው አጠገብ ያለውን ሱሪ እዪው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1964 ደሴቱ ሲደርሱ ለአፍሪካውያኑ አጭር ሱሪ ተሰጣቸው፤ ለካትራዳ ረጅም ሱሪና ካልሲ። ባሕር ዳር ላይ ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው ስድቡ ሊያመልጠው ይችላል፤ እዚህ በሚያዝያ ሙቀት ቁምጣ የሚመረጥ ልብስ ነው። እዚያ ሰኔ ክረምት ነው፣ ደሴቱ ላይ የውቅያኖስ ነፋስ ይነፍሳል። ከብርዱ በላይ ግን ቁምጣው ሰውዬውን «ቦይ» ለማለት የተሰፋ መሆኑን ደራሲው ራሳቸው ይነግሩናል።

አሁን ክፍል 1ን መልሰሽ ክፈቺ። ትንሹ ልጅ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል አባቱ የራሱን ሱሪ ከጉልበቱ ላይ ቆርጦ፣ ወገቡን በገመድ አጥብቆ ያለብሰዋል። ደራሲው ከዚያ በኋላ የለበሱት ልብስ ሁሉ እንደዚያ ቁራጭ ሱሪ አላኮራቸውም። በሁለቱም ቦታ ሱሪው አጭር ነው። አንዱን የቆረጠው አባት ነው፣ ሌላውን የሰፋው መንግሥት። አንዱ ልጁን ወደ አዋቂነት ያስገባዋል፣ ሌላው በአርባዎቹ ዕድሜ ያለውን ጠበቃ ወደ ልጅነት ይመልሰዋል። በሁለቱ መካከል ብዙ መቶ ገጽ አለ፤ ጭምቅ የሚጽፍ ሰው አያገናኛቸውም፣ ምላሽ የሚጽፍ ሰው ግን ሊያገናኛቸው ይችላል። መጽሐፍን ማጥናት የሚባለውም ይኸው ነው፤ በተለያየ ቦታ የተቀመጠን አንድ ዕቃ እያነሱ ጎን ለጎን ማስቀመጥ።

ይህን ለማግኘት አንድ ቀላል አሠራር አለ። ደብተርሽን መሐል ለመሐል በመስመር ክፈዪው። በግራ በኩል ያስቆመሽን ቦታ ከክፍሉና ከምዕራፉ ቁጥር ጋር ጻፊ፤ በገጽ ቁጥር ብቻ አትተማመኚ፤ በስልክ የምታነቢው ፒዲኤፍና የጓደኛሽ የታተመ ቅጂ ገጻቸው አይገጥምም። በቀኝ በኩል በዚያች ቅጽበት የሆንሽውን ጻፊ፦ ተናደድኩ፣ አልገባኝም፣ ይህን አላምንም፣ አክስቴን አስታወሰኝ። ግራው በመጽሐፉ ቋንቋ፣ ቀኙ በአማርኛ ይሁን፤ በእንግሊዝኛ ከጻፍሽው የተሰማሽን ሳይሆን ጥሩ እንግሊዝኛ የምትዪውን ትጽፊያለሽ። 20 እስከ 30 መስመር ሲሞላ ይበቃል። ከዚያ ውስጥ ሦስት ምረጪ፤ በመጨረሻ ሁለት ቢቀሩሽ በቂ ነው። ለ1,200 ቃል ከሁለት በላይ ቦታ መተንተን ሁሉንም በቁንጽል ማለፍ ይሆናል።

የምትይዢው ዋና ሐሳብ ሌላ አንባቢ ሊከራከርበት የሚችል መሆን አለበት። «አፓርታይድ ክፉ ሥርዓት ነበር» ብትዪ ማን ይከራከርሻል? «በዚህ መጽሐፍ ዘር ከሁሉ በላይ የሚታየው በጥይት ሳይሆን በሳህንና በልብስ ነው» ብትዪ ግን አንዱ ተነሥቶ «ሻርፕቪልንስ?» ይልሻል። ያ ጥያቄ ጠላትሽ አይደለም፤ ቢያንስ አንድ አንቀጽ ያስጽፍሻል። ካልመለስሽለት ደግሞ የሞቱትን አቃለልሽ ይባላል፤ በትክክልም ይባላል።

ጭምቅ እየጻፍሽ መሆኑን የምታውቂበት መፈተኛ ይኸውልሽ። የአንቀጾችሽን የመጀመሪያ ቃላት ብቻ አስምሪባቸው። «ከዚያ በኋላ»፣ «በ19 ምንትስ»፣ «ቀጥሎም» የሚሉ ከሆኑ መሰላሉ ላይ ነሽ። የዓረፍተ ነገር መዝጊያዎችሽንም እዪ፤ ሁሉም «ሄዱ»፣ «ታሰሩ»፣ «ተናገሩ» ከሆነ የምትሠሪው ትረካ ነው። «ያሳያል»፣ «ይጋጫል»፣ «ምክንያቱም» የሚሉት ሲገቡ ምላሹ ይጀምራል።

አንድ ነገር ላይ ጠበቅ ብለን እንቆይ፤ ግለ ታሪክ የሚያነብ ሁሉ የሚሰናከልበት ነውና። በገጹ ላይ ያለው «እኔ» አንድ ሰው አይደለም። ነገሩ የደረሰበት «እኔ» አለ፣ ቆይቶ የሚጽፈው «እኔ» አለ። የዚህ መጽሐፍ የመጀመሪያ ረቂቅ በ1970ዎቹ በደሴቱ ላይ በድብቅ የተጻፈ ነው፤ ታትሞ የወጣው ደራሲው ፕሬዚዳንት በሆኑበት በ1994 ነው፣ በጋዜጠኛው ሪቻርድ ስቴንግል አጋዥነት። ስለዚህ «በ1962 እንዲህ አሰቡ» ከማለትሽ በፊት፣ እንዲያ ማሰባቸውን የሚነግረን ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው መሆኑን አስቢ።

እኛን በቀጥታ የሚመለከተው ምሳሌ ክፍል 6 ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ማንዴላ ካርቱም ላይ አውሮፕላን ቀይረው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሲሳፈሩ አብራሪው ጥቁር መሆኑን አዩ፤ ደነገጡም። ጥቁር ሰው እንዴት አውሮፕላን ያበራል? ወዲያው ራሳቸውን ያዙ፤ የአፓርታይድ አስተሳሰብ እሳቸውም ውስጥ ገብቶ ኖሯል። የአገራችን ተማሪ እዚህ ገጽ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ብዕሩ ይፈጥናል፤ አየር መንገዱ፣ ዓድዋ፣ ኮልፌ የተሰጣቸው ወታደራዊ ሥልጠና፣ ሁሉም ይዘረገፋል። ኩራቱ ሐሰት ነው አንልም። ግን ገጹ ስለ እኛ አይደለም፤ አንድ የነፃነት ታጋይ በገዛ አእምሮው ውስጥ ጠላቱን ያገኘበት ገጽ ነው። አብራሪው ቃል አይናገርም፣ ስምም የለውም። መጠየቅ ያለብሽ ይህን ነው፦ አገር እየመራ ያለ ሰው ይህን ድንጋጤውን ለምን ለዓለም ነገረ? ቢተወው ማን ያውቅበት ነበር?

እንግሊዝኛ የማይሰጥሽን መሣሪያ እዚህ ላይ አማርኛ ይሰጥሻል፤ አንቱታን። ልጁን «እሱ»፣ የሚጽፉትን አረጋዊ «እሳቸው» ካልሽ ሁለቱን «እኔ» ያለ ማብራሪያ ትለዪያቸዋለሽ። አባቱ ሱሪ የቆረጠለት እሱ ነው፤ ያን ሱሪ የሚያስታውሱት እሳቸው ናቸው። ግን አስበሽበት አድርጊው፣ የት ላይ እንደምትሻገሪም ወስኚ። ሳይታሰብበት አንድ አንቀጽ ላይ «ጻፈ» ቀጥሎ «ጻፉ» የሚል ረቂቅ ሥርዓት የለሽ ይመስላል፤ መምህርም በቀይ የሚያከብበው እሱን ነው።

ትርጉምም ሌላ ወጥመድ ነው። «ቦይ» የሚለውን ስድብ «ልጅ» ብለሽ ከመለስሽው ስድቡ ይተናል። በእኛ «ልጅ» የፍቅር መጠሪያ ነው፣ የመኳንንት ማዕረግም ነበር፤ ልጅ ኢያሱ ስንል ማንም አይሰደብም። «አሽከር» አገልጋይነቱን ያመጣል፣ ዕድሜ መንሣቱን ግን ይጥላል። «ቦይ» ብለሽ ትተሽ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ብታስረጂ ይሻላል እንላለን። የምትጠቅሽው ሁሉ አጭር ይሁን፣ ከሁለት መስመር አይለፍ፤ «ትርጉም የራሴ» ብለሽም አመልክቺ። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር መጻፍ ከፈለግሽ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ግድም ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት ቀንሺ፤ ሻርፕቪል በእኛ መጋቢት 1952 ይሆናል። ወይም ሁሉንም «እ.ኤ.አ.» ብለሽ ተዪው። ሁለቱን መደባለቅ ብቻ አይሆንም።

የአገራችንን ጉዳይ በተመለከተ ጓደኞችሽ ግማሽ እውነት አላቸው። ጉዳዩ ያማል፤ ለዚያ ግን መፍትሔው መለካት እንጂ መሸሽ አይደለም። እኛም «ቀይ»፣ «ጠይም»፣ «ጥቁር» እያልን ሰውን በመልክ እንጠራለን፤ በሠርግ ዘፈንና በአማች መረጣ ውስጥ ደግሞ ለየትኛው እንደምናደላ ታውቂዋለሽ። «ባርያ» የሚለው ቃል ባርነትን የሚሽር አዋጅ በ1934 ዓ.ም. ከወጣ በኋላም ከሰው አፍ አልጠፋም። ከዚሁ ከሐይቁ ዳር፣ በታንኳና በደንገል ሥራቸው የሚታወቁ ጎረቤቶቻችን አባቶቻቸው ይበሉት በነበረው የጉማሬ ሥጋ ሰበብ ማዕድና ጋብቻ ሲነፈጋቸው ኖሯል። ይህኛው ለዳቦው ገጽ ቅርብ ነው፤ እዚህም የሰው ደረጃ በሚበላው ነገር ተለክቷልና።

ብትጽፊው ግን ሦስት ነገር ጠብቂ። መጀመሪያ ልዩነቱን ጻፊ፤ የደቡብ አፍሪካው በመንግሥት ሕግና በመዝገብ የቆመ ነው፣ የእኛው በልማድ፣ በሙያና በጋብቻ ክልከላ። ሁለቱን «አንድ ነው» ካልሽ ሁለቱንም አላየሻቸውም። ሁለተኛ፣ ስድብን እንደ ጌጥ አትደጋግሚው፤ ማኅበረሰቡንም ራሱ በሚመርጠው ስም ጥሪው፣ የሚመርጠውን ካላወቅሽ ሄደሽ ጠይቂ፤ የአንድንም ጎረቤት ስም አታንሺ። ሦስተኛ፣ ከ250 ቃል አታስበልጪው። ከዚያ ካለፈ መጽሐፉ ሰበብ ሆኖ ይቀራል፤ ያኔ ሌላ ድርሰት ጀምረሻል ማለት ነው። ሌላ ድርሰት ይሁን ካልሽም ጥሩ ነው፣ ለዚህ መምህር ግን አይደለም። አንድ ተጨማሪ ነገር፤ የተነፈገው ሰው ቦታ ላይ ብቻ ራስሽን አታስቀምጪ። በአንቺ ቤት ማዕድ የተነፈገ ካለ፣ ነፋጊው ወገን ማን እንደነበር መጻፍ ከሁሉ ይከብዳል፤ ማንዴላ አብራሪው ላይ የሠሩትም ይህንኑ ነው።

ጊዜሽን እንዲህ ብትከፍዪው ይበቃሻል። 12 ቀን ለንባብ፤ ምዕራፎቹ አጫጭር ስለሆኑ በቀን 10 ያህል ማለት ነው። መብራት ቢጠፋ እንዳትቆሚ ክፍል 1ን፣ 6ንና 8ን ፎቶ ኮፒ አስደርጊ፤ ሌላው በስልክ ይሁን። 2 ቀን ደብተሩን ለመለየት፣ 3 ቀን ለረቂቅ፣ 1 ቀን ምንም ሳትነኪው፣ 3 ቀን ለማረም። ከቃሉ 150 ያህል ለመግቢያ፣ 150 ለሕጎቹና ለዘመኑ፣ 500 ለዳቦውና ለሱሪው ትንታኔ፣ 250 ለራስሽ ወገን፣ የቀረው 150 ለሻርፕቪሉ ተቃውሞ። መግቢያውን መጨረሻ ላይ ጻፊው። «ማንዴላ በ1918 ተወለዱ» ብለሽ አትጀምሪ፤ መምህርሽ ያውቁታል። ከሳህኑ ጀምሪ።

መደምደሚያ ላይ «ከዚህ የምንማረው» ብሎ የሚጀምር አንቀጽ ከመጣብሽ ሰርዢው፤ እንዲህ ያለው አንቀጽ ለየትኛውም መጽሐፍ ስለሚሆን ለዚህኛው አይሆንም። በምትኩ ገና ያልተፈታልሽን አንድ ነገር ጻፊ። ለምሳሌ፣ ዳቦ የሚሰጠው ጓደኛቸው ያን ሩብ ዳቦ በእጁ ይዞ ሲቀመጥ ምን ይሰማው ነበር? ክፍል 8ን ለዚህ ጥያቄ ስትዪ እንደገና አንብቢው፤ ያገኘሽውንም ያጣሽውንም በቀኙ ዓምድ አስፍሪ።